ስኳር የለበሰ ጭራ

የማስተርስ ጥናቴ ርዕስ የጸደቀ ቀን መጀመሪያ የነገርኩት ለአባቴ ነው። ወደ መንደራችን ወደ ላንቴ ወርጄ ሳገኘው ከሙዝ ማሳው ዳር ቆሞ ከመስኖ ቦዩ ውስጥ ጭቃ እያወጣ ነበር። አባቴ ሰው ሲያወራው ሥራውን አያቋርጥም፤ የምሰማው በጆሮዬ እንጂ በእጄ አይደለም ባይ ነው።

«ምን ልታጠኚ ነው ታዲያ?» አለኝ ጭቃውን እየወረወረ።

«ፍል ውሃ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች አሉ። የእነሱን ጭራ ነው የማጠናው።»

አካፋው ቆመ።

«በዓይን የማይታይ ነገር ጭራ አለው?»

«አለው።»

«የምን ዝንብ ሊያባርርበት?»

«አባዬ ደግሞ! ይዋኝበታል እንጂ።»

ትንሽ አሰበበት። «ፍል ውሃ ውስጥማ እኔም ብሆን እዋኛለሁ፤ ማን ቆሞ ይቀቀላል?» አለና ወደ ጭቃው ተመለሰ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ርዕሴ ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ ይሄኛው የተሻለ ነበር።

ፍጥረቶቹ አርኪያ ይባላሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ባክቴሪያ ይመስላሉ፤ ግን ዘራቸው ሌላ ነው። ሁለቱም በሚሽከረከር ጭራ ይዋኛሉ፤ ጭራቸው ግን አይመሳሰልም። የባክቴሪያው እንደ ቱቦ ውስጡ ክፍት ስለሆነ አዲሱ ፕሮቲን በውስጡ አልፎ ጫፉ ላይ ይቀጠላል። የአርኪያው ቀጠን ያለና ውስጡ ድፍን ነው፤ እንደ ፀጉር ከሥሩ ያድጋል። እንቁላል ሲቀቀል የሚጠጥረው ፕሮቲኑ በሙቀት ቅርጹን ስለሚያጣ ነው። የእነዚህ ጭራ ደግሞ ከፕሮቲን ተሠርቶ፣ እጅ በማያስነካ ውሃ ውስጥ ሲሽከረከር ይውላል። ከምን ከምን ፕሮቲን ቢሠራ ነው እንዲህ የሚችለው? የእኔ ጥያቄ ይኸው ነበር። ትንሽ ጥያቄ ይመስላል። ሁለት ዓመቴን በላው።

አማካሪዬ አጠር ያሉ፣ ቀልድ ሲሰሙ የእጅ ሰዓታቸውን የሚያዩ ሰው ነበሩ። «መጀመሪያ ውሃውን አምጪ» አሉኝ። «ግን እንዳይቀዘቅዝ። ከቀዘቀዘ የምናጠናው ሬሳ ነው።» የላብራቶሪው የሙቀት መያዣ ክዳኑ የተሰበረ ስለነበር የእናቴን የሻይ ፔርሙዝ ተዋስኩ። ማለቴ፣ እናቴ ገበያ በሄደችበት ወሰድኩት።

ፍል ውሃው በአባያ ሐይቅ ዳር ነው። መንገዱን የሚያውቀው አባቴ ስለሆነ አብሮኝ መጣ። ከሚኒባስ ወርደን ብዙ በእግር ሄድን። ውሃው ከድንጋዮቹ መካከል እየፈላ ይወጣል፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። አባቴ በገመድ የታሰረች ጣሳ ጥሎ ቀዳልኝ፤ እኔ ፔርሙዙን ሞላሁ፤ ክዳኑን ሁለት ጊዜ አጠበቅሁ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ሳይንስ ነበር።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ከፔርሙዙ ላይ መንቀል አቃታቸው።

«ሻይ ነው?» አሉት አባቴን በጋሞኛ።

«አይ፣ ሻይ አይደለም። ትምህርት ነው።»

«ትምህርት ይጠጣል እንዴ?»

«ይሄኛው አይጠጣም።»

ሽማግሌው አላመኑትም። ሰስተው ነው ብለው ያሰቡ ይመስለኛል። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ አንድ ጉንጭ ብቻ፣ እያሉ ሲለምኑ አባቴ ሰው እንዳይቀየመው ብሎ «እንግዲያው ያሽትቱት» አለና፣ እኔ እጄን ሳልዘረጋ ክዳኑን ፈታው። በሚኒባሱ ውስጥ የነበረው መስኮት ሁሉ ባንድ ጊዜ ተከፈተ። ረዳቱ «ማነው እንቁላል ይዞ የተሳፈረው?» እያለ በየእግራችን ሥር ይፈልግ ጀመር። ሹፌሩ መኪናው ተበላሽቶ መስሎት ጥጉን ይዞ ቆመ፤ ወርዶ ሞተሩን ከፍቶ አየ። እኔ ክዳኑን መልሼ አጠበቅሁ። ሽማግሌው ወደ አባቴ ጠጋ ብለው «ልጅህን እግዜር ይርዳት» አሉት፤ ከልባቸው ነበር።

ፔርሙዙን በሳሙና ደጋግሜ፣ አንዴም በሎሚ አጥቤ ለእናቴ መለስኩላት። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና መልሳ አስታቀፈችኝ። «በቃ ያንቺ ነው» አለች።

ፍጥረቶቹን ማሳደግ ከዚያ በኋላ መጣ። ሰባ አምስት ዲግሪ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ከነምግባቸው አስቀመጥኳቸው። ውሃቸው ይተናል፤ እጨምራለሁ። መብራት ይሄዳል፤ ይቀዘቅዛሉ፤ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። መብራት በሄደ ቁጥር የተማሪዎች መኖሪያው በጩኸት ሲናጋ እኔ ወደ ላብራቶሪ እሮጥ ነበር፤ ሮጬም የማደርገው ነገር የለም፤ ከሳጥኑ ፊት ቆሜ የሙቀቱን ቁጥር ሲወርድ ማየት ብቻ። ብዙ ሳምንት ምንም አልታየም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ብልቃጡ የሩዝ እጣቢ መስሎ ደፍርሶ አገኘሁት።

የላብራቶሪው ቴክኒሻን በዕድሜ እናቴን የምታክል ሴት ናት፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችና «በቅለዋል» አለች፤ እንደ ጎመን።

ሲዋኙ ለማየት ጓጓሁ። ጠብታ ወስጄ በማይክሮስኮፕ ሳይ ሁሉም ድርቅ ብለው ቆመዋል። ሌላ ጠብታ፣ ያው።

«ገድያቸው ይሆን?» አልኳት።

«ብርድ መትቷቸው ነው» አለች እትዬ። «አንቺን ከሰባ አምስት ዲግሪ አውጥተው ቀዝቃዛ መስተዋት ላይ ቢጥሉሽ ትዋኛለሽ?»

በማግስቱ ከቤቷ የልብስ ካውያ ይዛ መጣች። ስስ የብረት ሳህን መሃሉን በስታን፣ በካውያው አግለን፣ ከማይክሮስኮፑ ሥር አኖርነውና ጠብታውን ከነመስተዋቱ በላዩ አደረግን። የመጀመሪያው ጠብታ ፈላ። የሁለተኛው መስተዋት ተሰነጠቀ። ሦስተኛውን ሳይ መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ከዚያ ከጥጉ አንዷ ነጥብ ተንቀጠቀጠች፤ ሌላዋ ሄደች፤ ወዲያው ሁሉም እንደ ገበያ ሰው ወዲህና ወዲያ ተራወጡ። ጭራቸው በጣም ቀጭን ስለሆነ በዚያ ማይክሮስኮፕ አይታይም። የማየው ሩጫቸውን ብቻ ነው። ግን ጮህኩ። እትዬ ገፋ አድርጋኝ እሷም አየችና «እነዚህ ሰዎች ጉዳይ አላቸው!» አለች።

ቀጣዩ ሥራ ጭራውን ከአካላቸው ቆርጦ መለየት ነበር። ይህ የሚደረገው በኃይል በማማታት ነው፤ ጭራው ይበጠሳል፤ አካሉ ወደ ታች ይዘቅጣል። የሚያማታው ማሽን ተበላሽቶ ጥግ ተቀምጧል። አማካሪዬ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ መፍትሔውን ራሴ ፈለግሁ፤ ከግቢው በር ፊት ለፊት ወዳለው ጁስ ቤት ሄድኩ። ባለቤቷ ደንበኛዬ ናት። ከመደርደሪያው ላይ የተጣለ አሮጌ መፍጫ እንዳላት አውቃለሁ።

«ውሰጂው፣ ከሥራ ውጪ ነው» አለችኝ። «ምን ልትፈጪበት ነው?»

«ጭራ።»

«የምን ጭራ?»

ነገርኳት። እጇን ከመፍጫው ላይ አነሣች። «እንግዲያው መልሰሽ እንዳታመጪው።»

መፍጫው እንደ ባጃጅ እየጮኸ ሥራውን ሠራ። የተለየውን ጭራ ጄል ላይ ጫንኩት። ጄል ማለት ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለይ፣ እንደ ረጋ ሙቅ ያለ ስስ ሰሌዳ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ትንንሾቹ ቶሎ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ትልልቆቹ ከላይ ይቀራሉ። ጂናቸው ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ተልኮ ተነቦ ስለነበር የጭራው ፕሮቲኖች ሦስት እንደሆኑና እያንዳንዳቸው የት ላይ መቆም እንዳለባቸው እናውቃለን። ጄሉን ቀለም ነክሬ ሳወጣው ሦስት መስመር ታየኝ፤ አንዱ ወፍራም፣ ሁለቱ ቀጫጭን። ቁጥራቸው ልክ ነው። ቦታቸው ግን አይደለም። ሦስቱም ከተጠበቀው በጣም ከፍ ብለው ቆመዋል።

«እነዚህ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አሉ አማካሪዬ።

«አላውቅም ዶክተር።»

«ከጂናቸው ይበልጣሉ።»

«አዎ ዶክተር።»

እትዬ ከበስተጀርባችን ብልቃጥ እያጠበች «ወይ ወፍረዋል፣ ወይ ካፖርት ደርበዋል» አለች። አማካሪዬ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ግን ወደ እሷ ዞሩ፤ ጄሉንም እንደገና አዩት። «የስኳሩን ቀለም ሞክሪ» አሉኝ።

አንዳንድ ፕሮቲን በላዩ ስኳር ይለብሳል፤ ስኳር የለበሰውን ብቻ ሮዝ የሚያደርግ ቀለም አለ። ሞከርኩት። ሦስቱም መስመሮች እንደ ሙሽራ ከንፈር ደማቅ ሮዝ ሆኑ። ጄሉን በሁለት እጄ ይዤ ወደ አማካሪዬ ቢሮ ሮጥኩ።

ረጅም ጊዜ አዩት። «ጭራውን በምንድን ነው የቆረጥሽው?» አሉኝ።

«በ... በጁስ መፍጫ።»

«ከየት የመጣ?»

«ከጁስ ቤት።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ማንጎ ነው አቮካዶ?»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ፈገግ ልል ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

«ዶክተር፣ በደንብ አጥቤዋለሁ። ደግሞ የጁስ ስኳር ቢኖርበት እንኳ ከፕሮቲኑ ጋር አይጣበቅም፤ ጄሉ ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል።»

«አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ፈታኙ ግን የሚያስታውሰው ማንጎውን ነው። ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

ከቢሮው ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እትዬ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሳታባብለኝ አንድ እሽግ መርፌ ጭኔ ላይ አኖረች። ዘዴው ቀላልና አሰልቺ ነው፦ ፍጥረቶቹን ከነውሃቸው በቀጭን መርፌ ውስጥ መምጠጥና መግፋት፣ መምጠጥና መግፋት፣ ጭራቸው እስኪበጠስ። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ስሠራ ሰነበትኩ። አውራ ጣቴ ውሃ ቋጠረ። ወንበሬ አጠገብ የሚሠራ የክፍል ጓደኛዬ «በዚህ ጣትሽ አሁን ቦይ መቆፈር ትችያለሽ» ይለኝ ነበር፤ እቤቴ ቦይ እንዳለ አያውቅም።

በዚያ ሳምንት ወደ ላብራቶሪው ሙዝ፣ ሻይ፣ ብስኩት፣ ምንም አላስገባሁም። ከምሳ መልስ እጄን እስከ ክርኔ እታጠብ ነበር። ጄሉን አስኬድኩት፣ ቀለም ነከርኩት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩት። ሦስት መስመር። ሮዝ።

አማካሪዬ አሁንም አልረኩም። ከአንድ የድሮ የክፍል ጓደኛቸው ለምነው ጥቂት ጠብታ ኬሚካል አመጡ፤ ስኳሩን ከፕሮቲኑ ላይ ገፎ የሚያወልቅ ነው። የጭራውን ግማሽ በእሱ አከምኩ፣ ግማሹን እንዳለ ተውኩና ጎን ለጎን ጄል ላይ አስኬድኳቸው። ያልታከመው እንደ ልማዱ ከላይ ቀረ። የታከመው ግን ወርዶ ወርዶ፣ ጂኑ ከተናገረለት ቦታ ላይ ቁጭ አለ። ካፖርቱን አውልቆ።

እትዬ ላብራቶሪው ውስጥ እልል አለች። ከጎረቤት ክፍል ሰዎች ማን አገባ ብለው ብቅ አሉ። አማካሪዬ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ጄሉን አዩና «ሁለት ጊዜ ድገሚው» አሉ። ይህን ሲሉ ግን ጄሉን ከእጃቸው አላስቀመጡትም።

ወጥቼ ለአባቴ ደወልኩ። እድር ላይ ነበር፤ ኔትዎርኩ ይቆራረጣል።

«አባዬ! ስኳር አገኘን!»

«ምን?»

«ስኳር! ስኳር ነው! ፍል ውሃው ውስጥ ያሉት...»

ተቋረጠ። ደስታዬን ነግሬዋለሁ ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

ቅዳሜ ላንቴ ስወርድ ከቤታችን ደጃፍ ስድስት ሰባት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ ፌስታል፣ አንዷ ባልዲ፣ አንዷ የዱቄት ማዳበሪያ ይዛለች። ልቅሶ መስሎኝ ክው አልኩ።

«እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ» አሉ የሩቅ ጎረቤታችን የሆኑት አሮጊት፣ ጉንጬን እየሳሙ። «መቼም የሸማቾች ማኅበሩ ሳይሰማ ብትሰጪን ነው የሚሻለው። በነፍስ ወከፍ ስንት ኪሎ ነው?»

አባቴ እድር ላይ ተነሥቶ ልጄ ፍል ውሃው ውስጥ ስኳር አገኘች ብሎ ተናግሯል። ስኳር ከሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል። ቀሪውን ሕዝቡ ራሱ ሞልቶታል፦ ድንጋዩ ሥር ነው የተገኘው፣ ፈረንጆች ሊወስዱት ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ሊያጥረው ነው።

ቆሜ አስረዳኋቸው። ስለ አርኪያ፣ ስለ ጭራው፣ ስለ ካፖርቱ። በትሕትና አዳመጡኝ። ስጨርስ አሮጊቷ ፌስታላቸውን እያጠፉ ጠየቁ፦

«ታዲያ ጠቅላላው የተገኘው ስንት ይሆናል?»

«ሁሉም ቢሰበሰብ የመርፌ ጫፍ አይሞላም።»

«ለዚህ ነው ሁለት ዓመት የቆየሽው?»

ቤት ገባን፤ እናቴ ለሁሉም ሻይ ቀዳች፤ የቀረችውን ጥቂት ስኳር ለእንግዶቹ አካፈለች። የእኔን ብርጭቆ ያቀበሉኝ አሮጊቷ ናቸው። ቀምሼ ፊቴን አጨማደድኩ፤ ስኳር የለውም።

«አንቺማ የራስሽ አለሽ» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

አባቴ ብቻ አልሳቀም። ስሄድ በሙዙ መካከል አድርጎ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። መንገዱ ጋ ስንደርስ «ያሳፈርኩሽ እኔ ነኝ» አለኝ። «ስኳር ስትዪ ድምፅሽ ደስ አለኝ። ሌላውን አልሰማሁትም። ደስ ያለኝን ብቻ ይዤ ተነሥቼ ተናገርኩ።»

«አላሳፈርከኝም አባዬ።»

«ሁሉንም የምትናገሪበት ቀን የለም? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው?»

የመመረቂያ ጥናቴን የምከላከልበት ቀን እንዳለ ነገርኩት። «እመጣለሁ» አለ።

መጣም። ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ከእትዬ ጎን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ገለጻው በእንግሊዝኛ መሆን ስላለበት አንድ ቃል እንደማይሰማ አውቃለሁ። እሱ ግን ከአፌ ላይ ዓይኑን አልነቀለም፤ ሮዙ ጄል ግድግዳው ላይ ሲታይ ብቻ እትዬ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ አንድ ነገር ነገረችው፤ ራሱን ነቀነቀ።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ስኳሩ ምን እንደሚጠቅም ጠየቁኝ። በሌሎች አርኪያዎች ስኳሩ ሲጎድል ጭራው መሠራት እንደሚያቅተው፣ በእኔዎቹ ደግሞ ፕሮቲኑ ሙቀቱን እንዲችል የሚያግዝ ሊሆን እንደሚችል ተናገርኩ። «በእርግጠኝነት ግን አላውቅም» አልኩ። ስለ መፍጫው ማንም አልጠየቀኝም። አማካሪዬ በዚህ ትንሽ የተከፉ መሰለኝ።

ከዚያ ሰብሳቢው «ከታዳሚ ጥያቄ ያለው?» ሲሉ አባቴ እጁን አወጣ።

አባቴ አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ ነው፤ ሰው ሲበዛበት ደግሞ ወንድና ሴቱ ይቀላቀልበታል። ተነሥቶ ጋቢውን አስተካከለ።

«እኔ የዚህ ተማሪ አባት ነኝ» አለ። «ቤት ስትመጣ ነግሮኛል። ይሄ ፍጥረት ውሃው ሲቀዘቅዝ ዝም ትላለች አለኝ። እኔ መጠየቅ የምፈልገው፣ ሞታ ነው ወይስ ተኝታ ነው?»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ፈታኙ አልሳቁም። ብዕራቸውን አንሥተው ጻፉና ወደ እኔ ዞሩ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሺላቸው።»

ለአፍታ የቀዘቀዘ ጠብታ ሲሞቅ እንደሚዋኝ አይቻለሁ፤ ግን ሁለት ዓመት ሲቀዘቅዙብኝና እንደ አዲስ ስጀምር ኖሬ፣ የቀዘቀዘውን ብልቃጥ ሁሉ ሬሳ ነው ብዬ እየደፋሁ፣ ይህን አንድም ቀን አልሞከርኩትም።

«አላውቅም» አልኩ።

«እሺ፣ ስታውቂ ትነግሪኛለሽ» ብሎ ተቀመጠ፤ በዚህኛው ጊዜ አልተሳሳተም።

አለፍኩ። በጥናቴ ላይ እንዳስተካክል ከተሰጠኝ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ግን ፈታኙ የአባቴን ጥያቄ ጨምረውት ነበር። ስለዚህ እንደገና ወደ ላብራቶሪው ተመለስኩ። አንድ ብልቃጥ ከሙቀቱ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳምንት ተውኩት። እትዬ ባለፈች ቁጥር «እንዴት አደራችሁ» ትላቸው ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ ምግብ ሰጥቼ ወደ ሰባ አምስት ዲግሪያቸው መለስኳቸው፤ ሁለት ቀን ጠብቄ በማይክሮስኮፕ አየሁ። ብዙዎቹ ቆመዋል። በመካከላቸው ጥቂቶች፣ መጀመሪያ እየተንገዳገዱ፣ በኋላ ቀጥ ብለው፣ ይሄዳሉ።

ለአባቴ ደወልኩ። የዚያን ቀን መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።

«ተኝተው ነው» አልኩት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም አይደሉም። ብዙዎቹ ሞተዋል። ጥቂቶቹ ግን ነቅተዋል።»

ከበስተኋላው የመስኖው ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል።

«ለነቁት የሚበላ ሰጠሻቸው?»

«ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ደግ አደረግሽ» አለኝ።